የጭቃ በሬና የፕላስቲክ ወታደር

ባለፈው እትማችን «ቱሪስቱ ሲመለስ» በሚል ርእስ የወጣችውን ጽሑፍ አንብባችኋል ብዬ እገምታለሁ። ካላነበባችሁም ብዙ አልቀረባችሁም። ጸሐፊው የኢኮኖሚክስ ክፍል ተማሪ፣ ወዳጄ፣ የዶርም ጎረቤቴም ነው፤ ይህን ስጽፍ ከግድግዳው ወዲያ ሲያንኮራፋ ይሰማኛል። ስሙን አላነሣም። ሐሳቡ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እንጨርሰው ነበር። ነገር ግን ይኸው ሐሳብ በየስብሰባው፣ በየባዛሩ፣ በየፕሮጀክት ወረቀቱ ሲደጋገም የምንሰማው ስለሆነ መልሱም በአደባባይ መሰጠት አለበት።

ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ወልዲያ የላሊበላ በር ናት። ሸክላ ሠሪዎቻችን ትንንሽ አንበሳ፣ ትንንሽ በሬ፣ ትንንሽ ጀበና ይሥሩ፤ ቱሪስቱ ሲያልፍ ይገዛል። «አንዱ በ500 ብር ቢሸጥ፣ በዓመት 20 ሺህ ቱሪስት ቢያልፍ፣ ግማሹ እንኳ አንዳንድ ቢገዛ 5 ሚሊዮን ብር!» ይላል ወዳጄ፤ ቃለ አጋኖውም የራሱ ነው። እስቲ «ቢ» የምትባለዋን ፊደል ቁጠሩልኝ። ሦስት ጊዜ ገብታለች። አምስቱንም ሚሊዮን በጀርባዋ የተሸከመችው እሷ ናት።

ልቤን የነካኝ ግን ሒሳቡ አይደለም። «ሸክላ ሠሪዎቻችን» የሚለው ቃል ነው። ለመሆኑ ከመቼ ወዲህ ነው የኛ የሆኑት?

ይህን ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። እኔ የሸክላ ሠሪ ዘር ነኝ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ ታላቅ እኅቷ ናት፤ የምትኖረውም ሐብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ ነው። እዚህ ግቢ ስገባ «ቤተሰቦችህ ምን ይሠራሉ?» ብባል «ገበሬዎች ናቸው» አልሁ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ስል ኖርሁ። ውሸቱ ለምን እንዳስፈለገ ያገራችንን ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል። በምጣዷ እንጀራ ይጋግራሉ፣ በማሰሮዋ ወጥ ይሠራሉ፣ በጀበናዋ ቡና ያፈላሉ፤ ልጃቸውን ግን እንዳትበላብን ብለው ከዐይኗ ይሸሽጋሉ። ቡዳ ይሏታል። ገበያ ላይ ዋጋ ስትጠራ ደግሞ «ኧረ ተይ፣ ይኼ ጭቃ አይደል እንዴ!» ይሏታል።

ይህችን ቃል ያዙልኝ። ስድብ ብቻ አይደለችም፤ ሙሉ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ናት። የአንድ ዕቃ ዋጋ የተሠራበት ነገር ዋጋ ነው ማለቷ ነው። ጭቃው ከገደል የሚቆፈር ከሆነ፣ ገደሉም የማንም ካልሆነ፣ ማሰሮው ከነጻ ትንሽ ከፍ ይበል እንጂ ሌላ ምን ይጨመርበታል? ወዳጄ በሁለት ሰሚስተር ያልተማረውን የገበያ ሴቶች ባንድ ቃል ያስተምራሉ፤ ችግሩ ትምህርቱ ሐሰት መሆኑ ነው።

የጭቃ በሬውን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ። አፈሩ ይቆፈራል፣ በጀርባ ይመጣል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይቦካል። አክስቴ ምጣድና ማሰሮ ሠርታ ከሚተርፋት ጭቃ ላይ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ በሬ ታወጣለች። ሻኛውን ስትጎትተው ዐይኗን አታነሣም። ልጆች ሳለን በነጻ ትሰጠን ነበር፤ ሁለቱን በስንጥር ጠምደን ደጁን ሁሉ እናርሰዋለን፣ ባላጋራ የሆነው የጎረቤት ልጅ በሬ ከኛ በሬ ጋር ይዋጋል፣ ቀንድ ይሰበራል፣ እየተላቀስን ወደ እሷ እንሮጣለን፤ ሌላ ትሰጠናለች። ልብ በሉ፤ የጎረቤቱ ልጅ ባይኖር ኖሮ አንድ በሬ ለአንድ ክረምት ይበቃን ነበር። ይህን ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ነጋዴ መጣ። ወደ ላሊበላ በኩል የሚሸጥ ነበር። ሰላሳ አርባውን በቅርጫት ይወስዳል፤ ለአንዱ የሚከፍለው የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ነው። እዚያ በስንት እንደሚሸጠው አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። አክስቴ ደስ ብሏት ነበር፤ ከትርፍ ጭቃ ገንዘብ ወጣ አይደል? በ2012 ኮሮና መጣ፣ ነጋዴው ቀረ። በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወልዲያ ገባ፣ መርሳንም አልማራት። ከዚያም ወዲህ ያለውን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ነጋዴው አልተመለሰም፣ የሚሸጥለትም እንግዳ እንደ ድሮው አልመጣም። የመጨረሻው ቅርጫት በሬ ዛሬም ከአክስቴ አልጋ ሥር አለ። ምጣዱ ግን በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ አንድ ሳምንት እንኳ ገዢ አጥቶ አያውቅም። እንስራውን ቢጫው ጀሪካን ገድሎታል፣ እውነት ነው፤ ምጣድ ግን ይሰበራል፣ እንጀራ ደግሞ በየሦስት ቀኑ መጋገር አለበት፤ ስለዚህ «ቡዳ» ያሏት ሴት ዘንድ ተመልሰው ይመጣሉ።

አየህ ወዳጄ? ቱሪስት ማለት አንድ ጊዜ የሚገዛ፣ ሁለተኛ የማይመለስ፣ ጥይት ሲሰማ አውሮፕላኑን የሚያዞር ሰው ነው። አልፈርድበትም። እኔም ብሆን አዞራለሁ። ግን በእሱ ላይ የተሠራ ገበያ ገበያ አይባልም፤ ዕድል ነው የሚባለው።

ይህ ነገር ከኛ በፊት ጎንደር አጠገብ ወለቃ ታይቷል። የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ሠሪዎች፣ ወንዶቹ ቀጥቃጮች ነበሩ፤ እነሱም ቡዳ ተብለዋል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት የውጭ አገር ጎብኚ መምጣት ሲጀምር ሴቶቹ ከማሰሮው ጎን ትንንሽ ምስሎች መሥራት ጀመሩ፤ አንበሳ፣ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ጎብኚው ገዛ፤ የገዛው ግን ጭቃውን አይደለም፣ ታሪኩን ነው። ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. ገደማ በሱዳን በኩል ሄዱ፤ በግንቦት 1983 ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ካዲስ አበባ ወደ እስራኤል በረረ። የሠሪዎቹ መንደር ባዶውን ሲቀር ንግዱ ግን አልተዘጋም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ያንኑ አንበሳ፣ ያንኑ ኮከብ እየሠሩ በመንገዱ ዳር መሸጥ ቀጠሉ። እነሱን አልነቅፍም፣ ሰው መብላት አለበት። የምለው ሌላ ነው። አንድ ጊዜ የሚገዛ ሰው ሠሪዋ ማን እንደሆነች አያውቅም፤ ብትለወጥም አይታወቀውም።

አሁን ከወለቃ አውጥቼ እንግሊዝ አገር ልውሰዳችሁ። ዘለለ አትበሉኝ፣ ምክንያት አለኝ። የአንድ ክፍል ጓደኛዬ ወንድም ሊድስ በምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። አምና ፎቶ ላከልን፤ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ የፕላስቲክ ወታደር፣ ቀለም እንኳ ያልተቀባች፣ እጅና እግሯ ተለያይቶ ሣጥን ውስጥ የተኛች፤ ዋጋዋ ከ20 ፓውንድ በላይ። ዶርሙ በሳቅ ፈረሰ። «ነጭ ሲሰለቸው በአሻንጉሊት ይጫወታል» አለ አንዱ። እኔ ግን አልሳቅሁም። የታየኝ ከአልጋው ሥር ያለው ቅርጫት ነው። እዚያ አገር «ይኼ ላስቲክ አይደል እንዴ!» የሚል ሴት ገበያተኛ የለም ማለት ነው?

ስለዚህ ገባሁበት፤ በላይብረሪው ኮምፒዩተርና በስልኬ ካርድ እስኪያልቅ አነበብሁ። ኩባንያው ጌምስ ወርክሾፕ ይባላል፣ መቀመጫው ኖቲንግሃም ነው፣ ጨዋታው ደግሞ ዋርሃመር። ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ወታደሮች ተሰልፈው በሕግና በዳይ የሚዋጉበት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 2024 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ኩባንያው ከሽያጭና ከፈቃድ ክፍያ 525 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አስገብቶ፣ ከዚህ ውስጥ 203 ሚሊዮኑ ግብር ሳይነሣለት ትርፍ ሆኗል። ከመቶው ሠላሳ ስምንትና ሠላሳ ዘጠኝ ያህሉ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በለንደን የአክሲዮን ገበያ ከሚገኙት አንድ መቶ ታላላቅ ኩባንያዎች ዝርዝር ገባ። ከባንኮችና ከነዳጅ ኩባንያዎች ጎን፣ በአውራ ጣት ወታደር!

በጣም የደነቀኝ ግን አጀማመሩ ነው። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1975፣ በኛ 1967 መሆኑ ነው፣ መሬት ላራሹ የታወጀበት ዓመት፣ ሦስት ወጣቶች ለንደን ውስጥ በሚኖሩባት ቤት አቋቋሙት፤ ጆን ፒክ፣ ኢያን ሊቪንግስተንና ስቲቭ ጃክሰን። መጀመሪያ የሸጡት ምን ይመስላችኋል? የእንጨት መጫወቻ ገበታ። ከሠሯቸውም አንዱ ማንካላ የሚሉት ነው፤ እኛ ገበጣ የምንለው፣ ቢያንስ ያንድ እናት ልጅ። እንግዲህ ቀበሌ ውስጥ ድንጋይ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ቆፍረን፣ በበቅሎ ፋንድያ ይሁን በቡሽ ፍሬ ሳንል የምንጫወተውን፣ እነሱ እንጨት ጠርበው ሸጡት። የጠራቢው ስም ጆን ፒክ ነው። በዓመቱ ሌሎቹ ሁለቱ ከአሜሪካ የመጣውን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለ ጨዋታ አውሮፓ ውስጥ የመሸጥ መብት ይዘው በዚያው ሲያብዱ፣ እሱ ነገሩ ስላልማረከው እ.ኤ.አ. በ1976 ኩባንያውን ለቆ ወጣ።

እጁ ሄደ፣ ኩባንያው ቀረ። ይህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

በ1979 (በነሱ አቆጣጠር) የብረት ምስል የሚያቀልጥ እኅት ኩባንያ አቆሙ። ምስል ሠሪ በዚያን ጊዜም ሞልቷል፤ ኑረምበርግ በቆርቆሮ ወታደር የታወቀችው ከነሱ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ቀድማ ነው። ጥያቄው አንድ ወታደር የገዛ ልጅ ሁለተኛውን ለምን ይገዛል የሚል ነበር። በ1983 የዋርሃመርን ሕግ መጽሐፍ አወጡ፤ መልሱም ያ ነው። ሕጉ «ሠራዊትህ ይህን ያህል ነው» ይልሃል። ባላጋራህ ፈረሰኛ ከጨመረ አንተም ጦረኛ ትጨምራለህ። የጎረቤት ልጅ በሬ ያልኋችሁ ትዝ አላችሁ? እነሱ የጎረቤቱን ልጅ ነው ፋብሪካ ውስጥ ያስገቡት።

ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። ፕላስቲኩ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ እጅግ ውድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ግን እያንዳንዷ ወታደር የምትፈጀው ፕላስቲክ የሳንቲም ነው። ስለዚህ ትርፉ ያለው አንድ ዐይነት ነገር ለብዙ ሰው ደጋግሞ በመሸጥ ነው፤ ደጋግሞ የሚገዛ ሕዝብ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፣ ይሠራል። ከ500 በላይ ሱቆች በዓለም ላይ አሏቸው፤ ብዙዎቹ ውስጥ ሻጩ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጠረጴዛም አለ። ያ ሰው ዋና ሥራው ማስተማር ነው፤ ገብተህ ትጫወታለህ፣ ትሸነፋለህ፣ ትቆጫለህ፣ ትገዛለህ። ይባስ ብሎ ወታደሯን የሚገጣጥማትና የሚቀባት ገዢው ራሱ ነው! ቀለሙንም ሙጫውንም ብሩሹንም ከነሱ ይገዛል። አክስቴ ቆፍራ፣ አቡክታ፣ ሠርታ፣ ተኩሳ፣ ተሸክማ ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄዳ «ጭቃ ነው» ትባላለች፤ ኖቲንግሃም ሥራውን ሳይጨርስ ይሸጥና ገዢው ሌሊቱን ሙሉ በገዛ ጉልበቱ ይጨርስለታል፤ ጨርሶም ይኮራል። የሠራበት ነገር ከእጁ ስለማይወጣም ደግሞ ይገዛል።

አሁን «ከበርቴን ታወድሳለህ» የሚለኝ አይጠፋም። አላወድስም። የሕጉ መጽሐፍ በየሦስት ዓመቱ ይለወጣል፤ የዋርሃመር 40,000 እትሞች በ2017፣ በ2020ና በ2023 ወጥተዋል። ሕጉ ሲለወጥ ትናንት ያሸነፈችው ወታደር ዛሬ ትደክማለች፣ ልጁ አዲስ ይገዛል። ይህ ያለ ምንም ማለባበስ ብዝበዛ ነው፤ እየሳቀ የሚበዘበዝ ሰው ያለበት ብዝበዛ። እኔ ይህን ወደ መርሳ አምጡት አልልም። የምለው፣ መስረቅ ካለብን ጥሩውን እንስረቅ ነው።

ስለ መስረቅ ካነሣን፣ የሦስተኛው ዶርም ኢንጂነር ደግሞ ሌላ መላ አለው። በኮምፒዩተር ቅርጽ የሚያትም ማሽን እንግዛና ዋርሃመሩን ቀድተን እንሽጥ ይላል። ማሽኑ እውነት ነው፣ ኩባንያውም ይፈራዋል፤ በማሽን የታተመ ምስል ሱቆቹ ውስጥ አያስጫውትም። ግን የሰው ንብረት መሆኑን ትተን፣ አንተ ሰው፣ ወልዲያ ውስጥ ዋርሃመር የሚጫወት ማነው? ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንት ውስጥ መቶን አልፏል፤ ማሽኑም፣ የሚበላው ሙጫም የሚገዛው በዶላር ነው። ገደሉ ያለው ሐብሩ፣ ሙጫው ያለው ቻይና! ቅርጹ ሊቀዳ ይችላል፤ ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛውን ከቦ የቆመው ሕዝብ ግን አይቀዳም።

ታዲያ ምን ይሁን? የኛ ጨዋታ የለንም እንዴ?

ሰንጠረዥ አለን። ዛሬ «ሰንጠረዥ» ስትሉ የሚታያችሁ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ሳጥን ሳጥን ነው፤ ይህ ራሱ የሞቱን ምስክር ወረቀት ይመስለኛል። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው ምዕተ ዓመት ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ የመጣው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቷል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ታሪኩን ሰብስቦ ጽፎታል። እንደ ፈረንጁ ቼዝ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ተሰምሮ ነው፤ ይህን ሸማኔ ይሠራዋል። ንጉሥ፣ ፈረስ፣ ዝሆን፣ እግረኛ አለው፤ በሁለት ወገን 32 ምስል። አጀማመሩ ደግሞ የትም አገር የለም፤ ወረራ ይባላል። ተራ ጠብቁ የለም! የመጀመሪያው ምስል እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ በፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ያዩ ፈረንጆች እንደጻፉት ከበው የቆሙት ሁሉ እየተንጫጩ ይመክራሉ። ይህን ከወሎ ሻይ ቤት የተሻለ የሚያውቀው ማን አለ? የመኳንንቱ ምስል ከዝሆን ጥርስና ከቀንድ ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጨዋታው ከመኳንንቱ ጋር እየደበዘዘ ሄደ። የመሳፍንት ነው ብለን ከመሳፍንቱ ጋር ቀበርነው። ፈረሱ ምን በደለ?

ሒሳቡን እንደ ወዳጄ በ«ቢ» አልሠራም። እንዲህ ብዬ ብቻ ልጠይቅ፤ ከ32ቱ ውስጥ አንድ እግረኛ ከጠረጴዛ ወድቆ ቢሰበር ጨዋታው ይቆማል። ሌላ እግረኛ መግዛት የግድ ነው። በሬው እሳት ውስጥ ሲሰነጠቅ ኪሳራው የአክስቴ ነው፤ እግረኛው ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲሰበር ግን ገበያ ነው። እንደ ምጣዱ።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ፣ ያውም ጠንካራ ነው። የመርሳ ልጆች ዳማ የሚጫወቱት በቆርኪ ነው፤ ቆርኪ ነጻ ነው። ማን ለጭቃ ይከፍላል? እኔም በዚህ ብዙ ታስሬ ነበር። ግን ዳማ ላይ ሁሉም አንድ ስለሆነ ቆርኪ ይበቃል፤ ሰንጠረዥ ላይ ፈረሱ ፈረስ ካልመሰለ በወረራው ጫጫታ መሐል ይጠፋሃል። ደግሞም ዳማ ከሚያጫውተው ቤት ገንዘብ የሚያገኘው ማነው? ሻይ የሚሸጠው። ስለዚህ የመጀመሪያው ገዢ ተጫዋቹ አይደለም፣ ባለ ሻይ ቤቱ ነው። ለጨዋታ ገንዘብ የለም አትበሉኝ፤ ጆተኒውና ፑሉ በየዙሩ ይከፈልበታል፣ የኳስ ውርርዱ የስንቱን ልጅ ደመወዝ እንደዋጠ ሁላችን እናውቃለን።

የባሰው ፍርሃቴ ሌላ ነው። ነገሩ ቢያምር ገንዘብ ያለው አንድ ሰው ይመጣና በጀሶ ቅርጽ አስቀድቶ፣ ኋላም በፕላስቲክ ያፈሰዋል። አክስቴ እንደ ጆን ፒክ ትወጣለች፤ ያውም ፒክ በፈቃዱ ነው የወጣው። ለዚህ የማውቀው መድኃኒት ስምን ማስመዝገብ ነው። የንግድ ምልክት ዐዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ፤ ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች አገሪቱ ውጭ አገር ለማስመዝገብ ታግላ ከስታርባክስ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. መስማማቷን ታስታውሳላችሁ። ሰንጠረዥን ማንም የኔ ሊለው አይችልም፣ የሁሉ ነው። «የሐብሩ ሸክላ ሠሪ ሴቶች» የሚለው ማኅተም ከፈረሱ ሆድ ሥር ቢመታ ግን የነሱ ነው። ባዛር አዘጋጅተው ሴቶቹን በባህል ልብስ ለሦስት ቀን ጥግ ላይ የሚያስቀምጡት ሰዎች ይህን አንድ ወረቀት ቢያስጨርሱላቸው ኖሮ ከአሥር ባዛር ይበልጥ ነበር።

ወሬ ብቻ እንዳይሆንብኝ ባለፈው ፋሲካ ሞከርሁት። ሥዕሉን በእርሳስ ሥዬ ለአክስቴ አሳየኋት።

«ይኼ ምኑ ነው?»

«ዝሆን።»

«ዝሆን አይቼ አላውቅም፣ የኔ አባት። በሬ ቢሆንስ?»

በሬ ሆነ። ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝ፤ የሐብሩ ሰንጠረዥ ዝሆኑ ባለ ሻኛ በሬ ነው፣ ከአልጋው ሥር ካለው ቅርጫት አራቱን መረጥን። ንጉሡን ሦስት ጊዜ አፍርሳ ሠራችው። በእሳቱ ከ28ቱ አምስቱ ተሰነጠቁ፣ ደግማ ሠራች። ግማሹን በጭስ አጠቆረችው፣ ግማሹ ቀይ ቀረ። ከዚያ መርሳ አንድ የማውቀው ሻይ ቤት ወሰድሁና ሕጉን ለሦስት ጎረምሶች አስተማርሁ፤ ወረራው ላይ ሲደርሱ ቤቱ ቀውጢ ሆነ። አንድ ሻይ ቤት ነው፤ ገበያ ነው አልልም። ልጆቹ በሳምንቱ ሰልችቷቸው ይሆናል ብዬ ወደ ወልዲያ ተመለስሁ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ባለ ሻይ ቤቱ ደወለ። አንድ ፈረስ ተሰብሯል፣ ሦስት እግረኛ ጠፍቷል፤ አንዱን ሕፃን ልጅ ኪሱ ከቶ ወስዶታል። አጎቱም ለራሱ ቤት ሙሉውን ይፈልጋል። ስንት ነው ይላል። ለአክስቴ ደወልሁላት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ሕፃኑ ምን አደረገበት የሚል ነበር፤ ሲስቅበት ነው የወሰደው ስላት ዝም አለች። ቆየችና፣

«ፈረሱን በስንት ልበለው?» አለች።

ያልሁትን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም። ወዳጄ ወስዶ በ20 ሺህ ያባዛብኛል።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን ያህልማ አልልም» አለች። «ጭቃ ነው ቢለኝስ?»